ማነው የሚያይላችሁ? ቪኤፍአርና የአየር ክልል ክላሶች ለሄሊኮፕተር አብራሪ

ሄሊኮፕተር መማር የጀመሩ ልጆች በብዛት ከሚጠይቁኝ ነገሮች አንዱ የአየር ክልል ነው። ከአልፋ እስከ ጎልፍ (ከኤ እስከ ጂ ያሉት ፊደሎች የራዲዮ ስም ነው) ሰባት ክላስ አለ። ለእያንዳንዱ የራሱ የእይታ ርቀት፣ ከደመና መራቅ ያለባችሁ መጠን፣ የራዲዮ ግዴታ፣ የክሊራንስ (የተቆጣጣሪ ፈቃድ) ግዴታ። ሁሉም ሠንጠረዡን ይሸመድዳል፣ ፈተናውን ያልፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ይደበላለቁበታል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሠንጠረዡ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

እኔ በደንብ የገባኝ አስተማሪዬ ሠንጠረዡን አጥፎ ወደ ጎን ካደረገው በኋላ ነው። ቻርቱን ዘረጋና በእርሳሱ አንድ ቦታ ነካ አድርጎ፣ "እዚህ ስትደርስ ሌላውን አውሮፕላን የሚያይልህ ማነው?" አለኝ። ከዚያ ሌላ ቦታ። ከዚያ ሌላ። መልሱ በየቦታው ይለያያል። አንዳንዱ ጋ ተቆጣጣሪው ነው፣ አንዳንዱ ጋ በከፊል ተቆጣጣሪው፣ ብዙው ጋ ግን እኔው ራሴ ነኝ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ፊደሎቹ ከጭንቅላቴ ጠፍተው አያውቁም፣ ተማሪም ሲመጣልኝ የምጀምረው ከዚህችው ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቪኤፍአር ራሱ፣ ማለትም በዓይን እያዩ ስለሚበርበት ሕግ። ሕጉ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ አብራሪው ውጭውን አይቶ ይሸሻል። መሬቱን፣ መሰናክሉን፣ ሌላውን አውሮፕላን። የኢካኦ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) መሠረታዊ ቁጥሮች ደግሞ ብዙ አይደሉም። ከ10,000 ጫማ ጀምሮ ወደ ላይ 8 ኪሎ ሜትር እይታ፣ ከዚያ በታች 5 ኪሎ ሜትር። ከደመና በጎን 1,500 ሜትር፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 1,000 ጫማ። ዝቅ ካላችሁ፣ ማለትም ከባሕር ወለል 3,000 ጫማ ወይም ከመሬት 1,000 ጫማ (ከሁለቱ ከፍ ያለው ይወሰዳል) እና ከዚያ በታች ከሆናችሁ፣ በፎክስትሮትና በጎልፍ ክልል ውስጥ ከደመና ውጭ ሆናችሁ መሬት ማየታችሁ ይበቃል። የ5 ኪሎ ሜትሩ እይታ ግን እዚያም አለ።

ከደመና 1,500 ሜትር ራቁ የሚባለው ለምንድነው? ከደመናው ውስጥ በመሣሪያ የሚበር፣ ማለትም ውጭውን ሳያይ መለኪያዎቹን እያየ የሚሄድ፣ አውሮፕላን ሊወጣ ስለሚችል ነው። ሒሳቡን አንድ ጊዜ ሥሩት። ከ10,000 ጫማ በታች የተለመደው የፍጥነት ገደብ 250 ኖት ነው። ይህ በሰከንድ ወደ 129 ሜትር ይጠጋል። እናንተ በ100 ኖት ፊት ለፊት እየሄዳችሁበት ከሆነ በሰከንድ ሌላ 51 ሜትር ጨምሩ። 1,500 ሜትር በ8 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። በዚያ 8 ሰከንድ ውስጥ ማየት፣ ምን እንደሆነ ማወቅ፣ መወሰን፣ መታጠፍ አለባችሁ። ይህን ሒሳብ የሠራ ተማሪ "ትንሽ ብጠጋው ምን አለበት" ሲል ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ፊደሎቹ። አልፋ ለቪኤፍአር ዝግ ነው፣ አበቃ። ብራቮ ውስጥ ሁሉም ከሁሉም ይለያል፤ ተቆጣጣሪው እናንተን በመሣሪያ ከሚበረውም በዓይን ከሚበረውም አራርቆ ይይዛችኋል። ለዚህም ነው በአሜሪካ ሕግ ብራቮ ውስጥ 3 ማይል እይታ ኖሯችሁ ከደመና ውጭ መሆን ብቻ የሚበቃው፣ ቻርሊና ዴልታ ውስጥ ግን ከደመናው በታች 500 ጫማ፣ በላይ 1,000 ጫማ፣ በጎን 2,000 ጫማ የሚጠየቀው። ብዙ ሰው ይህ ግራ ይገባዋል፤ ትልልቅ ጄቶች የሚጎርፉበት ክልል እንዴት የደመና ሕጉ ይላላል ይላል። አስተማሪዬ የጠየቀኝን ጥያቄ ጠይቁና መልሱ ይመጣል፤ ሌላ የሚያይላችሁ ሰው ስላለ ነው።

ቻርሊ ውስጥ ተቆጣጣሪው የሚያራርቃችሁ በመሣሪያ ከሚበሩት ነው። እንደ እናንተ በዓይን ከሚበረው ግን የትራፊክ መረጃ ነው የሚሰጣችሁ፣ መሸሹ የእናንተ ነው። ዴልታ ውስጥ ደግሞ በቪኤፍአር የሚበርን ሰው ከማንም አራርቆ የመያዝ ግዴታ የለም። መረጃ ታገኛላችሁ፣ ተራ ይሰጣችኋል፣ ማኮብኮቢያው ላይ ታወሩ (የአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ) ይጠብቃችኋል፣ አየር ላይ ግን ዓይኑ የእናንተ ነው። ይህንን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ምክንያት አለኝ። አዲስ አብራሪ የታወር ድምፅ ሲሰማ ትከሻው ዘና ይላል፣ አንገቱም መዞሩን ያቆማል። ድምፁ ወዳጅ ስለሆነ ብቻ ሥራውን ሁሉ የወሰደለት ይመስለዋል።

ስለ አገባቡ አንድ ነገር ልጨምር። በኢካኦ አሠራር ለብራቮ፣ ለቻርሊና ለዴልታ ክሊራንስ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ብራቮ ለመግባት ክሊራንሱን በግልጽ መስማት አለባችሁ፣ ለቻርሊና ለዴልታ ግን የሁለትዮሽ የራዲዮ ግንኙነት ይበቃል። ተቆጣጣሪው የጥሪ ስማችሁን ጠርቶ "ስታንድባይ" (ጠብቅ) ቢላችሁ ግንኙነት ተፈጥሯል ማለት ነው። የጥሪ ስማችሁን ሳይጠራ "የጠራኸን አውሮፕላን፣ ስታንድባይ" ካለ ግን ገና ናችሁ፣ ውጭ ጠብቁ። ከአገር ወደ አገር የሚሠራ ሰው ይህን ልዩነት ከመነሳቱ በፊት በዚያው አገር የአየር መረጃ መጽሐፍ ላይ ማየት አለበት። ፊደሎቹ ዓለም አቀፍ ናቸው፣ ኢካኦ በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አጽድቋቸዋል፣ አሜሪካም በመስከረም 1993 ወስዳቸዋለች፣ ሆኖም እያንዳንዱ አገር የሚፈልገውን ክላስ ብቻ ይጠቀማል፣ የራሱንም ልዩነት ይጨምርበታል።

ኤኮ በእኔ አስተያየት በጣም የሚያታልለው ክልል ነው። ስሙ ቁጥጥር የሚደረግበት ክልል ነው። ቁጥጥሩ ግን በመሣሪያ ለሚበሩት ነው። እናንተ ያለ ክሊራንስ፣ ያለ ራዲዮ ልትገቡበት ትችላላችሁ፣ ማንም ስለ እናንተ ላያውቅ ይችላል። በመሣሪያ የሚበረው ጓደኛችሁ ደግሞ ከደመናው ሲወጣ ተቆጣጣሪው ከሌሎች የመሣሪያ በረራዎች አራርቆታል እንጂ ከእናንተ አላራራቀውም። ስለዚህ ከደመና የመራቅ ሕግ ከምንም በላይ የሚሠራው እዚህ ነው። ራዲዮ ግዴታ ባይሆንም ደውሉ። ትራንስፖንደራችሁንም (ለራዳር ጥያቄ ምልክት የሚመልሰውን መሣሪያ) አብሩ፤ ተቆጣጣሪው ባያያችሁ እንኳ የሌላው አውሮፕላን የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ያያችኋል።

ፎክስትሮት ጥቂት አገሮች ብቻ የሚጠቀሙበት የምክር አገልግሎት ክልል ነው፣ አልፈዋለሁ። ጎልፍ የእኛ ቤት ነው። ሄሊኮፕተር አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው መሬት ለመሬት፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የቴሌኮም ማማ በበዛበት ከፍታ ላይ ነው።

ለሄሊኮፕተር የተሰጠው ልዩ ፈቃድም የሚመጣው በብዛት እዚህ ነው። የኢካኦ ሕግ ዝቅተኛው ከፍታ ላይ፣ በፎክስትሮትና በጎልፍ፣ የአገሩ ባለሥልጣን ከፈቀደ እይታው እስከ 1,500 ሜትር ሊወርድ እንደሚችል ይናገራል። ሄሊኮፕተር ደግሞ ከ1,500 ሜትርም በታች ሊፈቀድለት ይችላል፤ ሌላ አውሮፕላን ወይም መሰናክል በጊዜ አይቶ ለመሸሽ በሚያስችለው ፍጥነት ከበረረ። አሜሪካ ውስጥ ከመሬት 1,200 ጫማና ከዚያ በታች ባለው ጎልፍ ለሄሊኮፕተር ቀን ግማሽ ማይል፣ ማታ 1 ማይል ይበቃል፣ ከደመና ውጭ ሆኖ፣ እዚያም ያው የፍጥነት ሁኔታ ተጨምሮበት። ብዙ አብራሪ ግማሽ ማይሉን ያስታውሳል፣ ፍጥነቱን ይረሳል። የፈቃዱ ልብ ግን ፍጥነቱ ነው። ግማሽ ማይል 800 ሜትር ያህል ነው። በ100 ኖት በ16 ሰከንድ ገደማ ትጨርሱታላችሁ። በ60 ኖት 26 ሰከንድ ታገኛላችሁ። በ40 ኖት ወደ 39። ሽቦ ደግሞ በ800 ሜትር አይታይም፣ ብዙ ጊዜ የሚታየው ምሰሶው ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ የሚፈልገው ምሰሶና የተመነጠረ የዛፍ መስመር መሆን አለበት፣ ስትሻገሩም በምሰሶው አናት ላይ ተሻገሩ።

"እንግዲያው ዝግ ብዬ እበራለሁ" ትሉ ይሆናል። እስከተወሰነ ድረስ ልክ ናችሁ፣ ግን ዝግታም የራሱ ዋጋ አለው። በዝቅተኛ ፍጥነት የፍጥነት መለኪያው አይታመንም። ትንሿ ሄሊኮፕተር አውቶፓይለት የላትም፣ በራሷ ቀጥ ብላ አትሄድም። የጀርባ ነፋስ ካለ ሳታስቡት ወደ ቮርቴክስ ሪንግ (ሮተሩ ራሱ ወደ ታች በገፋው አየር ውስጥ ገብቶ ማንሳት ወደሚያቅተው ሁኔታ) ልትገቡ ትችላላችሁ። ውጭው በጠፋበት ቅጽበት ደግሞ ወደ መሣሪያ ለመቀየር በጣም መጥፎው ፍጥነት ይኸው ነው። እየቀነሱ እየቀነሱ፣ እየወረዱ እየወረዱ የሄዱ አብራሪዎች መጨረሻቸው የት እንደሆነ የአደጋ ሪፖርት ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ የምጠቀምበት ገደብ በሕክምና ሄሊኮፕተር አብራሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በአየሩ ምክንያት ከተለመደው የጉዞ ፍጥነቴ 30 ኖት ከቀነስኩ፣ በረራው በታሰበው መልኩ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ ያለኝ ምርጫ መመለስ፣ ማረፍ፣ ወይም ብቃቱና መሣሪያው ካለ በመሣሪያ መብረር ነው። መቀጠል ከምርጫው ውስጥ የለም። ይህ ቁጥር የሚጠቅመው ውሳኔውን መሬት ላይ፣ ቡና በእጄ ይዤ፣ ልቤ ሳይመታ ስለወሰንኩት ነው። አየር ላይ ሆኖ "ትንሽ ልይ" የሚለው ስሜት ሁልጊዜ አሳማኝ ነው። ከተማሪ ጋር ስበር ይህን ቁጥር ከመነሳታችን በፊት ጮክ ብሎ እንዲናገረው አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ሸለቆ ውስጥ ጉም እየወረደብን ተማሪዬ የፍጥነት መለኪያውን አየና "ካፒቴን፣ 30 ደርሰናል፣ ልመለስ ነው" አለኝ። እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም ነበር። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ስለ ስፔሻል ቪኤፍአርም በደንብ መነጋገር አለብን። በኢካኦ ሕግ በመቆጣጠሪያ ዞን (በአየር ማረፊያ ዙሪያ ባለው ክልል) ውስጥ ሲሊንጉ (የደመናው የታችኛው ከፍታ) ከ1,500 ጫማ ወይም የመሬት እይታው ከ5 ኪሎ ሜትር ካነሰ ያለ ልዩ ክሊራንስ በቪኤፍአር መነሳትና ማረፍ አይቻልም። ልዩ ክሊራንሱን ስፔሻል ቪኤፍአር እንለዋለን። አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላን ይህን ለማግኘት 1 ማይል እይታ ያስፈልገዋል፣ ሄሊኮፕተር ግን ከደመና ውጭ ከሆነ ይህ ገደብ አይመለከተውም። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ግን ምን እንደሚሰጣችሁ እወቁ። ተቆጣጣሪው በመሣሪያ ከሚበሩት ያራርቃችኋል። አየሩ ወደፊት ያስኬዳል ማለቱ ግን አይደለም። እሱ አየሩን ከመስኮታችሁ ሆኖ አያይም።

ጥር 26 ቀን 2020 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ካሊፎርኒያ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ኮከቡን ኮቢ ብራያንትንና ሌሎች 8 ሰዎችን የገደለው የሲኮርስኪ ኤስ-76ቢ አደጋ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። አብራሪው የበርባንክንና የቫን ናይስን አየር ማረፊያዎች ክልል በስፔሻል ቪኤፍአር አለፈ። በበርባንክ አካባቢ በመሣሪያ ለሚበሩት ቅድሚያ ስለተሰጠ እየዞረ ጠብቋል። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነበር። ከዚያ ወደ ካላባሳስ ኮረብታዎች ሲቃረብ ደመናና ጉም ያዘው፣ ከደመናው በላይ እወጣለሁ ብሎ መውጣት ጀመረ፣ አቅጣጫው ጠፋበትና ሄሊኮፕተሩ ኮረብታ ላይ ወደቀ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምክንያቱ በቪኤፍአር ወደ መሣሪያ አየር ሁኔታ መቀጠልና ያንን ተከትሎ የመጣው የአቅጣጫ ስሜት መጥፋት ነው ብሏል። አብራሪው ልምድ ያለው፣ የመሣሪያ በረራ ፈቃድም የነበረው ሰው ነው። ይህን የምለው ሟችን ለመውቀስ አይደለም። እኔም እናንተም በዚያው ወንበር ላይ የምንቀመጥ ሰዎች ስለሆንን ነው።

ደመና ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ይኖረናል ለሚለው የቆየ ጥናት አለ። በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሣሪያ በረራ ልምድ የሌላቸውን 20 ሰዎች በአውሮፕላን ፈትነው ሁሉም መቆጣጠር አቃታቸው፣ አማካይ ጊዜው 178 ሰከንድ ነበር። ያ በራሱ ቀጥ ብሎ ለመብረር የሚሞክር ባለ ክንፍ አውሮፕላን ነው። ያለ አውቶፓይለት ያለች ሄሊኮፕተር ይህን ያህል እንኳ አትታገስም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ የሚመልሰኝ ሌላ አደጋ አለ፣ ይህኛው አየሩ ጥርት ባለ ምሽት የሆነ ነው። ጥር 29 ቀን 2025 ዋሽንግተን ውስጥ፣ ሬገን አየር ማረፊያ አጠገብ፣ የጦር ሠራዊት ብላክሆክ ሄሊኮፕተርና ለማረፍ የተቃረበ የመንገደኞች ጄት ተጋጭተው 67 ሰዎች ሞቱ። ቦታው ብራቮ ነው፣ ሁሉም ከሁሉም የሚለይበት። ነገር ግን ከሄሊኮፕተሩ ትራፊኩን እንዳዩት ተናግረው ቪዥዋል ሴፓሬሽን (ራሳቸው በዓይን እያዩ መራራቅን) ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸውም። በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ከተቆጣጣሪው ወደ ኮክፒቱ ተዛወረ። በዚያ ቦታ የሄሊኮፕተሩ መስመር ጣሪያ 200 ጫማ ነበር፣ ግጭቱ የሆነው ከዚያ ከፍ ብሎ፣ 300 ጫማ አካባቢ ነው።

እኔ ከዚህ ለራሴ የወሰድኩት እንዲህ ነው። "ትራፊክ ኢን ሳይት" (ትራፊኩን አይቼዋለሁ) የምትለዋ ሐረግ ኃላፊነት የምታዛውር ሐረግ ናት። ከመናገሬ በፊት የማየው መብራት ተቆጣጣሪው የነገረኝ አውሮፕላን ስለመሆኑ አቅጣጫውን፣ ከፍታውን፣ የሚሄድበትን መንገድ አመሳክራለሁ። ማታ ከከተማ መብራት በላይ ይህ በጣም ከባድ ነው። ቀጥታ ወደ እናንተ የሚመጣ አውሮፕላን በመስኮቱ ላይ አይንቀሳቀስም፣ ከቆመ መብራት አይለይም። ጥርጣሬ ካለኝ "አላየሁትም" እላለሁ። ተቆጣጣሪው ቢበሳጭ ይበሳጭ፣ ያራርቀኝ። ካየሁት በኋላም ከዓይኔ ከጠፋ ወዲያው እነግረዋለሁ። የሄሊኮፕተር መስመር ላይ ስበር ደግሞ የከፍታ መለኪያዬን ግፊት ከታወሩ ከተሰጠኝ ጋር አስተያይቼ ነው የምገባው፣ ምክንያቱም የመስመሩ ጣሪያ የተጻፈው ከባሕር ወለል ነው፣ ከመሬት አይደለም።

ስለ ዝቅተኛ ከፍታ በአጭሩ፦ የኢካኦ ሕግ ከተማና ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ላይ በ600 ሜትር ዙሪያ ካለው ከፍተኛ መሰናክል 1,000 ጫማ፣ ሌላ ቦታ ከመሬት 500 ጫማ ይላል። አንዳንድ አገር ለሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ መብረር ይፈቅዳል፣ መሬት ላይ ያለ ሰውንና ንብረትን አደጋ ላይ እስካልጣለ ድረስ። እኔ ሥራው ካላስገደደኝ አልጠቀምበትም፤ ሞተር ቢጠፋ ኦቶሮቴሽን (ያለ ሞተር፣ ሮተሩን አየሩ እያዞረው መውረድ) ለማድረግ ከፍታ ጊዜ ነው፣ ጊዜ ደግሞ ማረፊያ መምረጫ ነው።

የመጨረሻው ነዳጅ ነው። በቪኤፍአር ለሄሊኮፕተር የሚጠየቀው መጠባበቂያ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ለመመለስ የወሰነ ሰው ግን የመጣበትን መንገድ እንደገና ሊበር ነው፣ ምናልባትም በፊት ነፋስ። ስለዚህ መመለሻዬን አስልቼ ከ20 ደቂቃው በላይ እይዛለሁ፣ በቻርቱ ላይም በየመንገዱ ላርፍ የምችልባቸውን ገላጣ ቦታዎች ከመነሳቴ በፊት ምልክት አደርጋለሁ። ማረፍ ካለባችሁ እረፉ። ሽቦውን ከላይ ሆናችሁ ፈትሹ፣ ነፋሱን እዩ፣ ገና ከፍታ ላይ እያላችሁ በራዲዮ የት እንደምታርፉና ስንት ሰው እንደያዛችሁ ተናገሩ፣ ምክንያቱም መሬት ስትነኩ ራዲዮው ላይሰማ ይችላል። ሮተሩ እስኪቆም ማንም እንዳይወርድ አድርጉ። ከዚያ ስልክ አውጡና በደኅና ማረፋችሁን አሳውቁ፣ ፍለጋ እንዳይጀመር።